አልነክስ ያለው ብሎን

ጥቅ. 10፣ ሰኞ። ምሽት 1 ሰዓት

ዛሬም ወጣ። በጉጠት አይደለም፣ በዲጅኖ አይደለም፤ በሁለት ጣቴ። ስንት ላብ አፍስሼ ያጠበቅሁትን ብሎን ወለሉ «እንካ፣ ውሰድልኝ» ብሎ መለሰልኝ።

ጠዋት መጋዘን። ድሪል፣ ቀዳዳ፣ መዶሻ፣ ቁልፍ። ምሳ። ድሪል፣ ቀዳዳ፣ መዶሻ፣ ቁልፍ። ትከሻዬ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ድሪሉ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን አሁንም ይጮሃል።

ስሚኝ ደብተሬ። እኔ ፈንታሁን ከሸሕዲ እስከ መተማ ዮሐንስ ያላጠበቅሁት ብሎን የለም። ወፍጮ ተክያለሁ። የትራክተር ማረሻ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ዓይኔን በጨርቅ ብታስሪኝ እንኳ፣ ዳዶ ሲወድቅ በድምፁ ቁጥሩን እነግርሻለሁ። እናኑ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ሚስት ስለሆነች ነው። አሁን ደግሞ ማንበብና መጻፍ ተጨምሮበታል። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህሯ በየቀኑ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይከዳችኋል ብላ አስጠንቅቃናለች። እኔን ፊደል አይከዳኝም። የከዳኝ ብሎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ዘገየ፣ የመጋዘኑ ባለቤት፣ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ከጎንደር አስመጥተዋል። ከማሽኑ ጎን ሰሊጡን በባልዲ እየሳበ ወደ ላይ አውጥቶ የሚያፈስ የላሜራ ማማ አለ። ቁመቱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አራት እግር አለው፤ ከየእግሩ ሥር የተበሳ ላሜራ ተበይዷል። ያን ላሜራ ከሲሚንቶው ወለል ጋር ማሰር የኔ ሥራ ነው። የሚታሰረው በኤክስፓንሽን ብሎን ነው። (ይህን ቃል ስጽፍ ግማሽ መስመር በላብኝ። ከዚህ በኋላ ኤ.ብ. እለዋለሁ። ማሳጠር ይቻላል ተብለናል፤ ባለሥልጣናቱም እንደዚያ ነው የሚያደርጉ።)

ኤ.ብ. ተንኮለኛ ነው። ታቹ ሾጣጣ ነው፤ ሾጣጣውን ስንጥቅ ያለው ቀጭን ብረት አቅፎታል። ወለሉን ትበሻለሽ፣ ኤ.ብ.ውን በመዶሻ ታስገቢያለሽ፣ ከላይ ዳዶውን ታጠብቂያለሽ። ሾጣጣው ወደ ላይ ይሳባል፣ ያቀፈው ብረት ይከፈታል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይነክሳል። ከነከሰ በኋላ በሬ ቢስበው አይወጣም። የኔ ግን አልነክስ አለ። ዳዶውን ሳዞር አብሮ ይዞራል።

ማማው ሥር ደግሞ ሴቶቹ አሉ። በሩ እዚያ ስለሆነ ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሰሌን አንጥፈው፣ ሰፌድ ይዘው፣ ከሰሊጡ አፈርና ጠጠር ይለቅማሉ። እናኑ ከመካከላቸው ናት። ከማማው እግር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ማማው ቢወድቅ የሚያርፈው...

አይወድቅም። የማቆመው እኔ አይደለሁ? ለጊዜው በገመድ ከጣሪያው ብረት ጋር ወጥሬዋለሁ።

ቅዳሜ ከገለጉ በኩል የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ይገባሉ። ጋሽ ዘገየ ማሽኑ ቅዳሜ ይነሳል አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? ሐሙስ ያድርጉት፣ ቅዳሜ ምን ያደርግልዎታል አልኩ። ምላሴን ማን ባጠበቀልኝ።

ጥቅ. 11፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9፣ ሚኒባስ ውስጥ (ፊደሉ የተንጋደደው ለዚህ ነው)

ጠዋት እናኑ የወለቀውን ብሎን ከሱሪ ኪሴ አግኝታ ለሴቶቹ እያዞረች አሳየችብኝ። «ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ፉከራ የተረፈው» አለች። አንዷ ተቀብላ ጥርሷን መጎርጎሪያ አደረገችው። ሌላዋ «አያ ፈንታ፣ ለልጄ የበግ ካስማ ይሆነኛል፣ አትጥሉት» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን ይጤሳል።

ጥፋቱ የብሎኑ ነው ብዬ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። ድንበሩ አጠገብ ዑስማን የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ አለ፤ አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የኛው አገር ሰው። አማርኛው ከኔ ይሻላል፤ ሲቀልድ ግን በዐረብኛ ይጀምራል።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ምን ላይ ነው የምታስረው?»

ኮንክሪት ላይ አልኩት።

«ውፍረቱ?»

የኔን ግንባር ያህላል አልኩት።

«እንግዲያ ስስ ነው» ብሎ ሱቁን ሙሉ አሳቀብኝ።

ቀጥሎ የሚታሰረው ዝም ብሎ የሚቆም ነው ወይስ የሚንቀጠቀጥ ብሎ ጠየቀኝ። የሚንቀጠቀጥ። ታዲያ ይኼን የጣት ቁራጭ የምታክል ባለ 12 ማን ሸጠልህ አለኝ። ማን እንደሸጠልኝ አልነገርኩትም። የሸጠልኝ ራሱ ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ረጅምና ወፍራም ይፈልጋል፣ ባለ 16 ውሰድ፣ የድሪሉ ፑንታም ልክ 16 ይሁን፣ ቀዳዳው በፀጉር እንኳ ከሰፋ አይነክስልህም አለ። ዳዶ ላይ ዳዶ ደርብ፣ ከሥሩም ስፕሪንግ ሮንዴላ፣ ያን የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት፣ አድርግ፣ አለዚያ መንቀጥቀጡ ይፈታዋል አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። ግማሹን አውቅ ነበር።

ስወጣ ጠራኝ። ከኮንክሪቱ ሥር ምንድን ነው ያለ? አለኝ። መሬት ነዋ፣ ምን ይኖራል ልትለኝ ነው፣ አዞ? አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

የገዛሁት ብሎን ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር ግን በራሴ አነበብኩት። ከነፊደሉ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ይህ ሾፌር ጉድጓድ አያልፈውም። ይበቃኛል።

ጥቅ. 12፣ ረቡዕ። ምሽት

ቀን ሙሉ መብራት የለም። ጀኔሬተሩን ለማስነሳት ናፍጣ የለም፤ ናፍጣውን ያመጣል የተባለው መኪና ራሱ ናፍጣ አልቆበት መንገድ ላይ ቆሟል። ሀሩሩ ቆርቆሮውን አልፎ አናቴ ላይ ይወርዳል። ድሪሌን ታቅፌ እንደ ሕፃን ሳስተኛው ዋልሁ። ጋሽ ዘገየ እየደወሉ እንዴት ነው ይላሉ። ሸጋ ነው እላለሁ። ምኑ ነው ሸጋ?

ወደ 11 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ዘልዬ ተነሳሁ። ፑንታው ላይ የሚገባውን ያህል ለክቼ ፕላስተር ለጠፍሁበት፤ እዚያ ሲደርስ አቆማለሁ ማለት ነው። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም።

ደብተሬ፣ ፑንታው እንዴት እንደገባ ብታይ! ሽው። ኮንክሪት ሳይሆን ዱባ የምበሳ ነው የመሰለኝ። ክንዴ ነው አልኩ። አዲስ ፑንታና የኔ ክንድ ሲገናኙ እንዲህ ነው አልኩ። ሴቶቹ ሊወጡ እየጠራረጉ ነበር። ተመልከቱ አልኳቸው። እናኑ መጥረጊያዋን ሳታቆም «አቧራውን አትርጭብን» ብላ አለፈችኝ።

ቀዳዳዎቹ አልቀዋል። ነገ ብሎኑን ማስገባት ብቻ። ሐሙስ ብዬ አልነበር? ይኸው ሐሙስ።

ጥቅ. 13፣ ሐሙስ። ቀን 7 ሰዓት

አልነከሰም። አዲሱም። ወፍራሙም። ረጅሙም። ባለ 16ቱም።

መታሁት፣ ገባ። አጠበቅሁት፣ ዞረ። አብሮ ዞረ! ቁልፌ አብሮት ሲዞር ሲዞር፣ እኔም አብሬ ልዞር ነበር። ያ የድሮው ነገር ራሱ። መዶሻውን ወርውሬ የጋሽ ዘገየን ሚዛን ለጥቂት ሳትሁት።

እጅ ከመስጠቴ በፊት አንዱን ሳብኩት። በጣቴ ወጣ። እንደ መርፌ ያበራል። ወዝቷል። ማን ዘይት ቀባው? አሸተትኩት።

ሰሊጥ!

ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ አየሁ። ታቹ ቡናማ፣ እንደ ሊጥ የተላቆጠ ነገር። ሳየው ሁሉም ነገር ገባኝ። ከገባኝ በኋላ ሌላ ነገር አልቀረኝም፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በኛ አገር መጋዘን ውስጥ የሚጠረግ ወደ ውጭ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ሴቶቹ ከበሩ ጀምረው ወለሉን በሙሉ ወደ ክምሩ ይጠርጋሉ። አንዲት ፍሬ በር አትወጣም። ደግ ልማድ ነው፤ ሰሊጥ ወርቅ ነው። ታዲያ ትላንት ማታ እኔ ጉድጓዶቼን ከፍቼ ሄድኩ፣ እነሱ ሰሊጡን በጉድጓዶቼ ላይ ነዱት፣ ጉድጓዶቼም ጠገቡ። ጠዋት መጥቼ ብሎን አስገብቼ በመዶሻ ስወቅጠው ዘይት ጨመቅሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ዘይት ጨማቂ ነኝ። የሰኞውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እናኑን ተቆጣሁ። ለምን ጠረግሽብኝ አልኳት። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ጉድጓድ ከፍተህ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ጠራጊ ትወቅሳለህ? ጨርቅ እንኳ አትወትፍበትም?» አለችኝ። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ይዘው ወደኛ ዞሩ። ከዚያ አንዷ «አያ ፈንታ፣ ከተረፈ ለወጥ የሚሆን ዘይት አስቀምጡልን» ስትል መጋዘኑ ተናጋ።

አልሳቅሁም። ትንሽ ሳቅሁ።

ማታ የምጽፍ አይመስለኝም። አዲስ ቀዳዳ ከጎን ልበሳ ነው። የላሜራውንም ቀዳዳ እንደገና። የወዛው ቀዳዳ ከእንግዲህ ምንም አይይዝም።

ጥቅ. 14፣ ዓርብ። ምሽት 12 ተኩል

ነከሰ!!!

ደግሜ ልጻፈው። ነከሰ።

ከየቀዳዳው አቧራውን በባጃጅ ጎማ መንፊያ ነፍቼ አስወጣሁ፣ በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ (የእናኑ ነው፤ አላወቀችም)፣ እንደበሳሁ ወዲያውኑ ብሎን አገባሁበት። በመጀመሪያው ዙር ላላ። በሁለተኛው ያዝ አደረገ። ከዚያ ዳዶው ግር... ግር... ብሎ ቆመ። ቁልፉ አልሄድ አለ። ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት፤ እኔ ተንጠለጠልኩ፣ እሱ አልነቃነቅ አለ። ደብተሬ፣ ብረት ኮንክሪት ሲነክስ እጅ ላይ የሚመጣ ነገር አለ። ሊጻፍ አይችልም። ወይም እኔ ገና አልደረስኩበትም።

ዳዶ ላይ ዳዶ ደረብሁ። ማሽኑን ያለ ሰሊጥ ባዶውን አስነሳነው። ማማው ቀጥ! ውሃ ልክ ብታስቀምጪበት ውሃው አይነቃነቅም። ጋሽ ዘገየ መጥተው በእጃቸው ገፉት፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ገመዱን ፍታው አሉኝ። ፈታሁት። ሴቶቹን ሰብስቤ ንግግር አደረግሁ። እናንተ ከዚህ ማማ ሥር ስትቀመጡ እናታችሁ ጉያ እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት፣ ምድር ቢናወጥ ምድሩ ይሄዳል እንጅ ይህ ማማ አይሄድም አልኩ። እናኑ እንኳ ፈገግ አለች። አየኋት።

ለራት ሥጋ ገዛሁ። እዚህ ላይ ተኮፍሼ ማቆም አለብኝ።

ጥቅ. 15፣ ቅዳሜ። ቀን 8 ሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ፊደሉን ተይልኝ።

መኪኖቹ ገቡ። ማሽኑ በሙሉ ጭነት ተነሳ። ጆንያ ይገለበጣል፣ ሰሊጡ ማማው ውስጥ እየተንሻሻ ይወጣል፣ አቧራ፣ ጩኸት፣ ደስ ይላል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ከርከዴ እየጠጣሁ ለሾፌሮቹ እንዴት እንደተከልኩት አወራለሁ። ጥሩ ጥሩው ቦታ ላይ ስደርስ እናኑ ጠራችኝ። ጩኸቱን አልፎ ነው የሰማሁት።

«ፈንቴ! ሰሊጡ ሰፌዴ ላይ ይዘላል!»

ቀልድ መሰለኝ። ሄድኩ። ሰፌዷን ጭኗ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ፍሬዎቹ እንደ ቁንጫ ይዘላሉ። ትላንት ባዶውን ሲሄድ እንዲህ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ብሎኖቹን አየሁ። ዳዶው ጥብቅ። ሮንዴላው ጥብቅ። ላሜራው ጥብቅ። አንድም የላላ የለም። ተንፈስ አልኩ።

ከዚያ ከላሜራው ወዲህ፣ ወለሉ ላይ፣ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። መስመሯ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። እንደ አፍ። ብሎኑ ወለሉን እንደነከሰ ነው፤ ወለሉ ራሱ ነው ከነብሎኑ፣ ከነላሜራው፣ ከነማማው እግር እንደ ክዳን የሚነሳው።

ተነሱ ብዬ ጮህሁ። ማሽኑን አጠፋሁት። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ጥለው ወጡ። አሁን ማማውን በገመድ መልሼ ወጥሬዋለሁ። ጋሽ ዘገየ ማን አጥፋ አለህ ብለው ሰው ፊት ጮኹብኝ።  መኪኖቹ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ እኔን እያዩ ይሳሳቃሉ። ከርከዴዬን ማን እንደጠጣው አላውቅም።

ያው ቀን። ማታ 12 ሰዓት

መዶሻ ይዤ ወለሉን እየመታሁ ዞርኩ። በሩ አጠገብ ጥብቅ ድምፅ። ማማው ሥር ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ባዶ። ጋን የመታሁ ነው የመሰለኝ።

አባ ታረቀ መጡ። የመጋዘኑ ጥበቃ ናቸው፤ እዚህ ሲያረጁ ማንም ያላያቸው፣ ሁሌም ሽማግሌ የነበሩ የሚመስሉ ሰው። ምን ትቀጠቅጣለህ ልጄ አሉኝ። አባ፣ ይህን ወለል ማን ሠራው አልኳቸው። ደረታቸውን ነፉ።

«እኔ ነኛ! ከአዝመራ በፊት በየዓመቱ በስስ ሲሚንቶ ሊሾ አደርገዋለሁ። እየው፣ መስተዋት ነው። አንዲት ፍሬ ስንጥቅ ገብታብኝ አታውቅም።»

በየዓመቱ? አልኩ። በየዓመቱ አሉኝ። በድሮው ላይ? በድሮው ላይ፣ ታዲያ በምን ላይ ላደርገው ኖሯል? አሉኝ።

መሮ አምጥቼ ጥጉን ፈለፈልሁት። ቀጭን ሊሾ። ከሥሩ አቧራ። ከሥሩ ሌላ ሊሾ። ከሥሩ ያረጀ ሰሊጥ፣ የጠቆረ። ሌላ ሊሾ። አንዱ ከአንዱ አልተያያዘም፤ እንደ ተደራረበ ካርቶን ነው። መጨረሻ ላይ ኮንክሪቱ መጣ፤ ስስ ነው፤ እሱም ተሰነጣጥቋል። ከሥሩ ዋልካ። ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ። ወለሉን የሚሰነጥቀው እሱ ነው። አባ ታረቀ ስንጥቁን ይሸፍናሉ፣ ዋልካው ይሰነጥቃል፣ አባ ታረቀ ይሸፍናሉ። ፑንታዬ እንደ ዱባ የገባው ክንዴ ጠንክሮ አልነበረም።

ዑስማን ከሥሩ ምን አለ ብሎ ሲጠይቀኝ አዞ አልኩት።

አባ ታረቀ መሮውን አይተው፣ የፈለፈልሁትን አይተው፣ ሊሾዬን አበላሸህብኝ አሉ። ልብሳቸውን ሰብስበው ወጡ። አዘኑብኝ።

ጥቅ. 16፣ እሑድ። ከሰዓት

ጋሽ ዘገየ ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከእንግዶች ጋር ተቀምጠዋል፤ ና ግባ አሉኝ፣ ወንበር ሰጡኝ። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሊሾው ሁሉ ይነሳ። በአራቱ እግር ቦታ ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ። ፌሮ ገብቶበት ወፍራም ኮንክሪት ይሞላ። እስኪጠነክር ይጠበቅ። ያኔ ኤ.ብ. የሚነክሰው ነገር ያገኛል። እስከዚያ ማሽኑ አይነሳ፣ ሰውም ማማው ሥር አይቀመጥ።

ገባሁ። እንግዶቹ አዩኝ። ጋሽ ዘገየ «መሐንዲሳችን» አሉ። ይህን ጊዜ አፌ ተፈታ። ወለልዎ ንብርብር ነው ጋሼ፣ ቅጠል በቅጠል፣ አንባቢ ቢያገኝ መጽሐፍ ነው አልኩ። እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ዘገየም ሳቁ። እኔ ደግሞ ሲስቁልኝ እጨምራለሁ፤ በሽታዬ ነው። ስለ ዘይቱ አወራሁ፣ ስለ እናኑ የጥርስ ብሩሽ አወራሁ። በመጨረሻ ጋሽ ዘገየ እንባቸውን ጠርገው፣ በቃ ጥቂት ብሎን ጨምርበት፣ ገመዱንም አጥብቀው፣ ነገ ጠዋት ይነሳ፤ መኪኖቹ ቆመዋል፣ ዝናብ ሰሊጡን ሳይነካው አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። የጨመርሁት ብሎን ሁሉ ያንኑ ክዳን ነው የሚነክሰው። ክዳኑን በብዙ ጥርስ ብይዘው ክዳንነቱን አይተውም። ገመዱም ከጣሪያው ብረት ነው የታሰረ፤ ማማው ከሄደ ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አልተናገርኩም። ለምን? ሳቁልኝ።

ቤት ስደርስ እናኑ ምን አሉ አለችኝ። አስቂኝ አስቂኙን ነገርኳት። አልሳቀችም። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ነገ እዚያ እቀመጣለሁ። ሌሎቹም ይቀመጣሉ። ይወድቃል አይወድቅም?»

እኔ ካቆምኩት ምን ይወድቃል፣ አንቺ ብቻ እንዳትደገፊው አልኳት። ይኸን አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ድንቿን አነሳች። 

ጥቅ. 17፣ ሰኞ። ጠዋት 12 ተኩል፣ መጋዘን

አልተኛሁም። ሰው ሳይገባ መጣሁ። አባ ታረቀ ከፈቱልኝ፤ ሰላምታ ግን ነፈጉኝ።

መስመሯን አየኋት። ማሽኑ ሳይነሳ እንኳ አልተዘጋችም። ጣቴን ከተትሁ፤ ጥፍሬ ገባ።

ብሎን አልጨመርሁም። የሞተሩን ሽፋን ፈታሁ፣ ሞተሩን ከማሽኑ የሚያገናኘውን የጎማ ቺንጋ አወለቅሁ። ያለ ቺንጋ ሞተሩ ቢዞር ማሽኑ አይሄድም። ቺንጋው አሁን አንገቴ ላይ ነው። ዲጅኖ ይዤ የማማውን የመጀመሪያ እግር ዙሪያ መፈንቀል ጀምሬያለሁ። ማማውን አስቀድሜ በአራቱም በኩል በግንድ ደግፌዋለሁ። ሊሾው ሲነሳ በጠቅላላው ይነሳል፤ ገበታ ያህል። አባ ታረቀ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ሦስተኛው ሲነሳ ዓይናቸውን አዞሩ።

1 ሰዓት። ሴቶቹ መጡ። እናኑ ከፊት ናት። ጉድጓዱን አየች፣ ዲጅኖውን አየች፣ አንገቴ ላይ ያለውን ቺንጋ አየች። አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምን የሚል ስድብ እንደሆነ እንኳ ገምቼ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ አለችና ሰሌኗን ከማማው ሥር ጠቀለለች። ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ውጭ ወጣች፤ ፀሐዩ ላይ፣ የመኪኖቹ ጥላ ጥግ ዘረጋችው። ሌሎቹም ተያዩና እየጠቀለሉ ተከተሏት። ማማው ሥር የቀረ ሰው የለም።

ጋሽ ዘገየ ይደውላሉ። ሁለት ጊዜ ጠራ፣ አላነሳሁም። አሁንም ይጠራል። እናኑ ከውጭ «አንሳው» አለችኝ።

አነሳዋለሁ። በቃል ከሆነ ግን እቀልዳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ከዚህ ላይ ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ፣ አንድም አልጨምርም፦

ጋሼ፣ ፈንታሁን ነኝ። ብሎኑ ነክሷል። የለቀቀው ወለሉ ነው። ከሥሩ ዋልካ ነው። ማማው ይወድቃል። ሚስቴም ሆነች የማንም ሚስት እዚያ ሥር አትቀመጥም። ወለሉን እያፈረስኩት ነው። ማሽኑ ዛሬ አይነሳም። ቺንጋው እኔ ጋ ነው።